ባለ ቀለበቱ ሰሃን

እሁድ ከሰዓት ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ ለሚኖረው አባቴ ስደውል፣ ገና «ሃሎ» ሳይል ስኒው ከሰሃኑ ጋር ሲንቃጨል ይሰማኛል፤ ያ ቀጭን ድምፅም የአሥር ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ ይመልሰኛል።

ያኔ ቅጠሉ ረግፎ ዝናቡ ሲጀምር የአባቴ እጆች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሐኪሙ ብዙም የሚያሰጋ እንዳልሆነ ቢነግረውም ቡናው ሰሃኑ ላይ እየተደፋ ስላስቸገረው፣ ሰው ፊት ስኒ ማንሳት ተወ። እንግዳ ሲመጣ «ጨጓራዬን አሞኛል» ይል ነበር፤ ቆይቶም መኪና ላጥብ ብሎ ወደ ፓርኪንጉ ይወርድ ጀመር። የቤታችን ጨዋታ አዋቂ እሱ ስለነበር፣ እንግዶቹም ቀስ በቀስ ቀሩ።

በብርዱ ወራት እናቴ ቡሪየን ከተማ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት፣ ሁለት ጆሮ ያለው ረዘም ያለ ስኒ ገዝታ መጣች። የሰሃኑ መሃል ቀለበት በመሰለ ግድግዳ ታጥሯል።

«ማሚ፣ ይሄማ የሻማ ማስቀመጫ ነው!» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ስኒውን አስገቢበትና እዪው» አለችኝ።

ስኒው ቀለበቱ ውስጥ ገባ፤ ሰሃኑን ባወዛውዘውም ተንቃጨለ እንጂ አልወደቀም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድሮ አውሮፓ ውስጥ መኳንንት አልጋቸው ላይ ሆነው ትኩስ ቸኮሌት ሲጠጡ እንዳይደፋባቸው፣ ሸክላ ሠሪዎች ለሰሃኑ ይህን ቀለበት አበጁለት። የእኛው የዚያ አምሳያ ነበር።

ለፋሲካ እናቴ እንግዶቹን በሙሉ ጠራች። አባቴ የመኪናዋን ቁልፍ ሲያነሳ «ታጥባ ታጥባ ቀለሟ ሊለቅ ነው፤ ቁጭ በል» ብላ በአዲሱ ስኒ ቡና ሰጠችው። ሰሃኑን ሲያነሳ ስኒው ተንቃጨለ፤ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

የሥራ ጓደኛው ጋሽ መኮንን «ሰውዬ፣ ሹመት አገኘህ እንዴ? የንጉሥ ስኒ ነው እኮ!» አለው።

አባቴ ስኒውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያም «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሶ፣ ባለቤቴ ለስኒው ፓርኪንግ ገዛችለት» አለ።

«ኧረ አንተ ሰው! እኛ ለጨጓራህ ስንጸልይ ከረምን!» አለው ጋሽ መኮንን።

አባቴ ሳቀ፣ ጠጣ፣ ድገሚኝም አለ። በዚያ በጋ በረንዳችን እንግዳ አጥቶ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ኦቴሎ በሚባል ሰፈር አስተማሪ ነኝ፤ ስኒው አንድ ጆሮው ቢሰበርም አሁንም በአባቴ እጅ ነው። ያኔ ያ ድምፅ ለሰው እንዳይሰማ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ዛሬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስኪሰማኝ እጠብቃለሁ።