የሲፈንን ዕድሜ ፍለጋ

ጠዋት 12፡30፣ አየር ጤና

በአንድ የዓለም አቀፍ ሕግ ቢሮ የሥራ ልምምድ አገኘሁ ስላቸው የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ "ፓስፖርት አውጪ" ብለውኝ ነበር። እኔም አልዋሽም፣ ጄኔቫን አልሜአለሁ። ሦስት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ከርሜ የተላክሁበት የመጀመሪያ ጉዞ ግን ይኸው ወደ ሰበታ ነው፤ ያውም በሚኒባስ የኋላ ወንበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሲፈን የምትባል ልጅ በቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ አረብ አገር ሄዳ፣ ሰርቀሻል ተብላ ታስራለች። ፓስፖርቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው ይላል። እናቷ ግን ገና ባለፈው ወር አሥራ ስምንት እንደሞላት፣ ሰረቀች በተባለበት ጊዜም አሥራ ሰባት እንደነበረች ይናገራሉ። የሕፃናት መብት ስምምነት ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለን ሁሉ ሕፃን ይላል። ይህን ካስረዳን ጉዳይዋ ወደ ሕፃናት ችሎት ይዛወራል፤ ካላስረዳን እንደ ትልቅ ሰው ይፈረድባታል። እዚያ ያለው ጠበቃ ማስረጃውን እስከ ዛሬ ማታ ይፈልጋል። አለቃዬ "ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ" አለችኝ። እኔም ባዶ እጄን የመመለስ ሐሳብ የለኝም።

ሰበታ

ዓለም ገና ላይ አንድ የሲሚንቶ መኪና መንገድ ዘግቶ አርባ ደቂቃ አቆመን። የሲፈን እናት አዴ በላይነሽ ገበያው ጀርባ ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ" ብለው በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። የምስክርነት ቃሉን ሳነብላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ዕድሜዋን የጨመርኩት እኔው ነኝ። ደላላው በዚህ ዕድሜዋ አትሄድም ሲለኝ፣ ቀበሌ ሄጄ ሃያ አራት ነው ብዬ አስመዘገብኳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸው ተፈታ። አሁን ይህን ብፈርም ያስሩኛል?"

አያስሩዎትም ብላቸው ደስ ባለኝ፤ ግን አላውቅም። "ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ከጠየቁዎት ጠበቃ እናቆምልዎታለን" አልኳቸው።

ለአንዲት ገዢ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መዘኑ፤ መልስም ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እሷ እዚያ ታስራ እኔ እዚህ ብፈታ ምን ይረባኛል? አምጪው" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

የእናት ቃል ብቻውን አይበቃም። ሌላ ማስረጃ እንዳለ ስጠይቃቸው፣ ሲፈንን ያኔ ይኖሩበት በነበረው ቡራዩ፣ ጤና ጣቢያ እንደወለዱ ነገሩኝ። በዚያው ቀን ጎረቤታቸውም እዚያው ወንድ ልጅ ወልዳ ታማ ስለነበር፣ ሁለቱንም ሕፃናት ጡት ያጠቡት እሳቸው ናቸው። የጡት ልጃቸው ናኦል አሁን ሱሉልታ ውስጥ ሯጭ ነው።

6፡40፣ ቡራዩ

በአስኮ ዞሬ ቡራዩ ስደርስ ርቦኝ ነበር። በሠላሳ ብር ሁለት ሳምቡሳ ቆሜ በላሁና ወደ ጤና ጣቢያው ገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኦቦ ቶሎሳ መሰላል ላይ ወጥተው የዚያን ዓመት የወላዶች መዝገብ አወረዱልኝ። ውሃ ነክቶታል። አዴ በላይነሽ ሊኖሩበት የሚገባው መስመር ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኗል።

"ከሥሩ ያለው ይነበባል እኮ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። የናኦል እናት ስም፣ ወንድ ልጅ፣ ቀኑ፤ ሁሉም አለ።

"የላይኛውንም አብረው ቢጽፉልኝስ?" አልኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

"ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ። ያላየሁት ላይ ማኅተም አላሳርፍም።"

የጻፉልኝን ይዤ ወጣሁ። አሁን ሁሉም ነገር ናኦል ላይ ወደቀ። መዝገቡ ላይ ያለው ልጅ እሱ መሆኑን፣ ሲፈንም በዚያው ቀን መወለዷን መመስከር አለበት።

9፡15፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እንጦጦን እያቃሰተ ወጣ። ወዲያ ማዶ ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነው። ናኦል ከልምምድ ተመልሶ ጫማውን ሲያጥብ አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት። ወደ ቤት ገባና የውድድር መታወቂያውን አምጥቶ አሳየኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ይላል።

"ሁለት ዓመት የቀነስኩት ራሴ ነኝ" አለ። "እሁድ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የታዳጊዎች ውድድር አለ። ካሸነፍኩ ክለብ ይይዘኛል።"

ይህን አልጠበቅኩም። የጡት እናትህን አስብ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ለአዴ በላይነሽ እውነቱን እንደነገርኩ ለእሱም መንገር አለብኝ። "ከፈረምክ እሁድ ከታዳጊዎች ጋር አትሮጥም። ካልፈረምክ ደግሞ ይሄ የጤና ጣቢያው ወረቀት ለሲፈን አይረባም።"

"ሃርሜ ፈረመች?" ሃርሜ፣ እናቴ፣ የሚለው ያጠቡትን አዴ በላይነሽን ነው።

"ፈርመዋል።"

"ፈርታ ነበር?"

"በጣም።"

እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። "በአንድ ቀን ተወልደን በወረቀት ዘጠኝ ዓመት ተራራቅን" አለና ፈረመ።

ምሽት፣ ቤቴ

ወረቀቶቹ ከቢሮ ከተላኩ በኋላ ቤቴ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ስምምነቱን ከፈተና በፊት በቃሌ ሸምድጄው ነበር። ለካ አንቀጹ ሥራ የሚሠራው፣ ሊጎዳው የሚችለውን እውነት የሚፈርም ሰው ሲገኝ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

ናኦል በዚያ እሁድ ከአዋቂዎች ጋር ሮጦ አርባ ሦስተኛ ወጣ። ዛሬ ጠበቃው ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን እንደተቀበለና መዝገቡ ወደ ሕፃናት ችሎት እንደተዛወረ ጻፈልን። ሲፈን ገና አልተፈታችም። አዴ በላይነሽ ስልክ ላይ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቀጥዬ ለናኦል ደውዬ ነገርኩት።

"ታዲያ አሁን ስንት ዓመቷ ነው አሉ?" አለኝ።

"አሥራ ስምንት።"

"እኔም" አለ።