ለድመት የተፈታ ካርቶን

ስለ ታላላቅ ሰዎች እንዲጻፍ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ይለፈው። ታላላቆቹን የሚያወድስ ሰው አልጠፋም፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። እኔ የምጽፈው ነቀምቴ ጨለለቂ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ስለሚኖር አንድ ጡረተኛ ነው። ስሙ ገብረክርስቶስ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው።

ገብረክርስቶስ ዕቃ አያጎድልም፣ አይሰርቅም፣ አያሰርቅም። ችግሩ፣ አይሰጥምም። ጠመኔ ልትጠይቀው ስትሄድ «የቀረህን ስባሪ አሳየኝ» ይልሃል። መጥረጊያ ስትጠይቀው የአሮጌውን አሟሟት እንድታስረዳው ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ለተማሪዎች የእግር ኳስ መጣ። «ከተጫወቱበት ያልቃል» ብሎ ቆለፈበት። ኳሶቹ መደርደሪያው ላይ ደረቁ፣ ቆዳቸው ተሰነጠቀ፣ አንድም እግር ሳይነካቸው በኮሚቴ ተወገዱ። ልጆቹ ያን ሁሉ ዓመት ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የካልሲ ኳስ ሲራገጡ ነበር። ቢሮክራሲ ምንድን ነው ብሎ ወፍራም መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ካለ ድካሙን ይተው፤ ብዙኃኑ በካልሲ ሲጫወት የቆዳው ኳስ በክብር ይሞታል፣ አለቀ።

ጡረታ ሲወጣ መምህራኑ አዋጥተን የግድግዳ ሰዓት ገዛንለት። ትልቅ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በቀይ ሪባን ታስሮ ነበር። ገብረክርስቶስ አመሰገነ፣ ቤቱ ወሰደው፣ እንደታሰረ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ሚስቱ ቀለሟ «ኧረ ሰዓቱን እንስቀለው» ብትለው፣ «ሰዓት አለን፤ ይሄ ይቀመጥ» አላት። ለየትኛው ቀን እንደሚቀመጥ እሱም አያውቅም።

ቀለሟ የሌላ ዓለም ሰው ነበረች። ያላትን ትሰጣለች፣ የሌላትንም ከጎረቤት ተበድራ ትሰጣለች። የኪራሙ ወረዳ ልጅ ናት። ኪራሙ መኖር ሲከብድ እኅቷ ሸዋረገድ ጓዟን ይዛ በነቀምቴ ስታልፍ፣ ከዘንቢሏ ውስጥ አንዲት ቡራቡሬ የድመት ግልገል አውጥታ ትታላት ሄደች። ቀለሟ ቡሬ ብላ ጠራቻት። ገብረክርስቶስ «አይጥ የምትይዝ ከሆነ ትቀመጥ» አለ። እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው ያያት።

ማታ እሱ ሳሎን ተቀምጦ የሬዲዮ ዜና ሲሰማ ከጓዳ የቀለሟ ሳቅ ይመጣል። ስልክ ላይ ናት ብሎ ያስባል። «ድምፅ ቀንሺ!» ይላታል። ትቀንሳለች።

ባለፈው ጥቅምት ቀለሟ ሞተች። ድንኳኑ ተነሣ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ የተከራየነው ወንበር ተመለሰ። ቡሬ ጓዳው በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። በነጋታውም እዚያው ነበረች። ገብረክርስቶስ ድመት እንዳለችው ያወቀው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይደለም። በዚያ ቤት ቀለሟን የሚጠብቁ ሁለት ሆኑ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ሰውየው ቤቱ ከጾመ ቤተሰቡ በሙሉ ይጾማል ባይ ነውና፣ ለቡሬም የሽሮ ፍትፍት አቀረበላት። ሟቿ በየጾሙ ለድመቷ ወተት ደብቃ ትገዛ እንደነበር የሚያውቅ ከጎረቤቷ ከሐዊ በቀር ማንም አልነበረም። ቡሬ ሽሮውን አሸተተች። ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። ጅራቷን አቁማ ወጣች።

ማዕዘኑ ላይ ያለው የጉደታ ሥጋ ቤት በጾም አይዘጋም፤ ባለቤቱ ጴንጤ ነው። ገብረክርስቶስ ሰፈሩን ሲያስስ ቆይቶ እዚያ ደረሰ።

«ኦቦ ገብሬ፣ አካም ቡልተኒ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠው ጉደታ። «ከመቼ ወዲህ ነው በጾም ሥጋ ቤት?»

«ናጋ። ድመቴን አይተሃል?»

ጉደታ በቢላው ወደ ሥጋ መክተፊያው ግንድ ሥር ጠቆመ። ቡሬ ተዘርፍጣ እግሯን ትልሳለች።

«አዱሬ? ድመቷማ ጌታን ተቀብላለች!»

ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«በምን ሰበክሃት?» አለ ገብረክርስቶስ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

«በሳንባ ነዋ። እርስዎ በምን እንደሰበኳት ደግሞ ሰፈሩ ሰምቷል። በሽሮ!»

አንስቶ ታቅፏት ወጣ። መንገድ ላይ እጁን ቧጠጠችው። ሳይመሽ ተመልሳ ጉደታ ጋ ሄደች። በማግስቱ ወተት ገዛላት፤ ጠጣች፣ አፏን ጠረገች፣ ሄደች። ያን ሌሊት ያደረችው እዚያው ግንድ ሥር ነው። ጓዳው በር ላይ ቀለሟን የሚጠብቅ ጠፋ። ገብረክርስቶስ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ከጓዳው በር ቆም እያለ ወለሉን ሲያይ ሐዊ በአጥሩ በኩል ታየው ነበር።

ሐዊ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇም አፏም ሥራ አይፈታም።

«ኦቦ ገብሬ፣ ያቺ ድመት እኮ ሆዷን ብቻ ብላ አይደለም የምትሄደው። ሰልችቷት ነው። አደ ቀለሟ ማታ ማታ ታጫውታት አልነበር?»

«መቼ?»

«እርስዎ ዜና ሲሰሙ።»

«ያኔማ ስልክ ላይ ነበረች።»

«የምን ስልክ? ስልኳ ከተበላሸ ስንት ጊዜው! ያሠሩልኝ እያለች ስትለምንዎት አልነበረም እንዴ? ከድመቷ ጋር ነበር የምትስቀው።»

ገብረክርስቶስ አጥሩን ይዞ ቆመ። ሐዊ አፏን ሰብስባ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትል ጠራት።

«በምን ነበር የምታጫውታት?»

«ባገኘችው። በነጠላዋ ጥለት፣ በፌስታል፣ በጠርሙስ ክዳን። ምን ይመረጣል?»

በነጋታው ቡሬን ከሥጋ ቤቱ አምጥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወለሉ ላይ ዕቃ ደረደረ። አንድ ማንኪያ፣ አንድ የጠርሙስ ክዳን፣ የብዕር ክዳን፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ባዶ ፌስታል፣ በመስመር፣ በመጠናቸው ቅደም ተከተል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። «ይኸው፤ ተጫወቺ» አላት።

ቡሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያየች አለፈችና በሩ ሥር ተቀመጠች። ክፈትልኝ ማለቷ ነው።

ሐዊ በመስኮት ስታይ ኖሮ በሳቅ ፈረሰች። «ፈርማ ትረከብዎት ነው? የቆመ ዕቃ ምን ያጫውታል? ዝቅ ይበሉና ያንቀሳቅሱት!»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እንግዲያው ለጉደታ ይተዉለት።»

ዝቅ አለ። መጀመሪያ በአንድ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ በሁለቱም፣ በመጨረሻም ጥሩው ሱሪው ሳያሳስበው በጎኑ ተጋደመ። የጫማ ማሰሪያውን ጎተተ። ቡሬ አንድ ጆሮዋን አዞረች። እንደገና ጎተተ። ዓይኗ ጠቆረ፣ ዳሌዋ ተርገፈገፈ፣ ዘላ ያዘችው። ሰውየው ደንግጦ ለቀቀውና መልሶ ተንጠራርቶ ያዘ።

በዚያ ሳምንት ከሱቅ ያልተገዛ ነገር ሁሉ መጫወቻ ሆነ። ፌስታሉን እያንሿሿ ምንጣፍ ሥር ይደብቀዋል። የጠርሙሱን ክዳን በሲሚንቶው ወለል ላይ ያንሸራትተዋል። አንድ ቀን ልጠይቀው ብዬ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በቀለሟ መርፌ አንድ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ ይሰፋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ኳስ» አለኝ። ቀና ብሎ አየኝ። «ሳቅ፤ ሳቅ እንጂ፤ አፍህ ተከድኖ አያድር።»

አጠገቡ ተቀምጬ ክሩን ያዝሁለት።

ቡሬ ኳሱን ወደደችው። ቢሆንም ትጫወትና ሲርባት ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ታድራለች፣ አንዳንዴ አታድርም። የፋሲካ ዋዜማ ጉደታ ከጉቴ ገበያ በሬዎች አስመጣ። ገብረክርስቶስ በሬዎቹ ሲያልፉ ከበሩ ቆሞ አያቸው። ነገ ማዕዘኑ ላይ ሳንባና ጨጓራ እንደ ጉድ ይጣላል። ነገ ከሄደች የምትመለስበት ምክንያት የለም። ለሐዊ ያላት ይህን ነው፤ «ነገ ካልመጣች አልፈልጋትም። ደስ ያላት ቦታ ትሁን።» ድምፁ ግን የፈላጊ ድምፅ ነበር።

በፋሲካ ጠዋት ቡሬ ወጣች። እንደፈራው ቀኑን ሙሉ አልታየችም።

ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ወጥቶ ያን ካርቶን ከቁም ሳጥኑ አወረደ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። ሪባኑን ሊቆርጠው መቀስ አነሣ፣ ተወው፣ በጥፍሩ ቋጠሮውን ፈታው። ወረቀቱን ቀደደው፤ አዎ፣ ገብረክርስቶስ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀደደ። ሰዓታችንን አውጥቶ አልጋ ላይ ጣለና ባዶውን ካርቶን ጓዳው በር ላይ በጎኑ አጋደመው። አጠገቡ ካስቀረላት ዶሮ ወጥ ትንሽ በሳህን አኖረ። ሬዲዮውን አጠፋ። ሪባኑን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሬ መጣች። ሆዷ ተነፍቶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። አፏ ሞራ ሞራ ይላል። ሳህኑን በአጠገቡ አለፈችው፤ ዞራም አላየችው። ካርቶኑን ከላይም ከታችም አሸተተች፣ ገባች፣ ውስጡ ተሽከረከረች፣ ጸጥ አለች። ቀጥሎ አንዲት ቡራቡሬ እጅ ከካርቶኑ ወጥታ አየሩን ዳበሰች። የምትፈልገው ሪባኑን ነበር።

ገብረክርስቶስ ሳቀ። እጇ ሪባኑን ስትስት ሳቀ፣ ስትይዘውም ሳቀ፣ ጉልበቱን ይዞ እስኪያስል ድረስ ሳቀ።

ሐዊ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች። «ኦቦ ገብሬ፣ ምንድን ነው? ስልክ ላይ ነዎት እንዴ?»

ሰውየው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሪባኑ ከወዲያ በኩል ተጎተተ።

«አዎ» አላት። «ቆዪ፣ አልጨረስንም።»