የማይታጠፈው ጫፍ

አባቴን የገደላቸው ባክቴሪያ የሰጠናቸውን መድኃኒት ሁሉ ወደ ውጭ ይተፋ ነበር። አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ መትፋት ነበር። ሰው ስነግረው የፈጠርኩት ይመስለዋል።

ባክቴሪያ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ሽፋኑ ላይ የማይፈልገውን ነገር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያስወጡለት ፕሮቲኖች ተተክለዋል። እኛ ፓምፕ እንላቸዋለን። ፕሮቲን እንደ ሙስበሃ ዶቃ የተሰካካ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራ የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ነው ተብለን ነው የተማርነው። እኔ ባጠናሁት ፓምፕ ጫፍ ላይ ግን ጨርሶ የማይታጠፍ፣ አንድም ቀን አንድ መልክ ይዞ የማይገኝ፣ ዝም ብሎ ሲወዛወዝ የሚኖር ቁራጭ ነበር። አንድ ቦታ ስለማይረጋ የፕሮቲኑ ሥዕል ላይ አይወጣም። በቦታው ነጠብጣብ ይደረጋል።

እኔ የፓምፑን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ሳሰላ እሱንም ማጥናት ፈልጌ ነበር። አማካሪዬ ኮምፒውተሬን አየት አድርጎ፣ «ቁረጪው» አለኝ። «ቅርጽ የሌለውን ነገር ለማስላት ዓመት ይፈጅብሻል። ዋናውን አካል ሠርተሽ ተመረቂ።»

ቆረጥኩት። ጽሑፌ ውስጥ «ለስሌት እንዲያመች የማይታጠፈው ጫፍ ተወግዷል» የምትል አንድ መስመር አስገባሁ። ከፈታኞቹ ማንም ስለ እሷ አልጠየቀኝም። ተመርቄ መካነ ሰላም ተመለስኩና ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ።

አባቴ እስከ ጡረታቸው ድረስ የከተማውን የውሃ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ ወንድሜ ወግዲ ትዳር ይዞ ይኖራል። አምና ሽንት አልወርድ ብሏቸው ደሴ ወስደናቸው ቱቦ ተደረገላቸው። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። መጀመሪያ ክኒን፣ ከዚያ እዚሁ ከተማችን ሐኪም ቤት መርፌ ወሰዱ። ትኩሳቱ አንድ ቀን ይለቃቸውና በማግስቱ ብሶበት ይመለሳል።

ሐኪሙ፣ «ጀርሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘው ሳናውቅ ዝም ብለን እየሰጠን ነው። ምርመራው ደሴ እንጂ እዚህ የለም» አለን።

በዚያ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ነበር። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይወራል። በስምንተኛው ቀን ተከፈተ ተባለና ከወንድሜ ጋር አባቴን ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን ወጣን። ጉጉፍቱ ከፍታ ላይ ጉሙ ሾፌሩን መንገድ አሳጥቶት ቆምን። አባቴ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው፣ «ያረቢ፣ ያረቢ» ይላሉ። እኔ እግራቸውን በሁለት እጄ እያሸሁ ማሞቅ ብቻ ነበር የምችለው።

ደሴ ሐኪም ቤት ተኝተው የተደረገላቸው ምርመራ ውጤት በአራተኛው ቀን መጣ። የመድኃኒቶች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ ከአንዱ በቀር በሁሉም ትይዩ «አይሠራም» የሚል ምልክት ነበረበት። ያ አንዱ ደሴ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ጠፋ። ወንድሜ ሊፈልገው አዲስ አበባ ወረደ፤ እኔ አልጋው አጠገብ ቀረሁ።

«ምን አሉ?» አሉኝ አባቴ።

«ጀርሙ መድኃኒቱን ከውስጡ እያወጣ ይጥለዋል፣ አባባ።»

«በምን ያወጣዋል?»

«ፓምፕ አለው።»

ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እንደዚያም ሆነው ፈገግ አሉ። «በዓይን ለማይታይ ነገር ፓምፕ! አንቺ የተማርሽው ይህንን ነው?»

«አዎ፣ ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ምኑ ነው?»

አርባ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው ጥያቄ ነበር። ከፈታኞቼ አንዳቸውም ይህን አልጠየቁኝም። «አይታወቅም» አልኳቸው። «ምናልባት ጫፉ ላይ ያለችው ልቅ ቁራጭ ትሆናለች።»

«አላየሻትም?»

«ቆርጬ ጣልኳት። ሥራ ታበዛለች ተብዬ።»

«እኔ ፓምፕ ስፈታ አንዲት ትንሽ ጎማ እንኳ አልጥልም ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለ ሥራ ማውራታቸው ነበር። ከዚያ ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ «ምን ታደርጊ ልጄ፤ አላህ ያለው ነው። እስቲ ውሃ ስጪኝ» አሉኝ። ብርጭቆውን ስይዝላቸው ደረታቸው ላይ አፈሰስኩባቸው።

ወንድሜ መድኃኒቱን ይዞ ሲደርስ ኩላሊታቸው ደክሞ ነበር። ሁለት ቀን ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጃቸውን ይዤ ሳለ አረፉ። መካነ ሰላም አምጥተን ቀበርናቸው፤ ወንዶቹ ይዘዋቸው ወጡ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አጽናናኝ። አንዲት ሴትዮ፣ «እንኳን የተማርሽ ሆንሽ፤ አስታመምሻቸው» አሉኝ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

በክረምቱ ኮምፒውተሬን አውጥቼ ጫፉን መለስኩትና እንደገና ማስላት ጀመርኩ። መብራት ሲጠፋ ይቋረጣል፤ ሲመጣ እቀጥላለሁ። አንዳንዴ ጫፉ እየተወዛወዘ መጥቶ የፓምፑ የውስጥ አፍ ላይ እንደ ክዳን ያርፋል፤ አንዳንዴ ከነአካቴው አይጠጋም። ለአማካሪዬ ላክሁለት። «ቤተ ሙከራ ካላረጋገጠው ማንም አይቀበልሽም» ብሎ መለሰልኝ። ከሥሩም፣ «ያኔ ቁረጪው ማለቴ ትክክል ነበር ብዬ ግን አልከራከርሽም» የሚል ጨምሮበታል።

ያኔ ባጠናውም አባቴ ይድኑ እንዳልነበር አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ታውቆ መድኃኒት እስኪሆን የሰው ዕድሜ ያልቃል። የእሳቸው ባክቴሪያ ፓምፕ እኔ ያጠናሁት ዓይነት መሆኑንም አላውቅም። ይህንኑ ብቻ እንኳ ለማወቅ ፈልጌ ደሴ ላቦራቶሪው ደወልኩ። ያነሳችው ሴት የአባቴን ስም ጠይቃ መዝገብ ስታገላብጥ ይሰማኛል።

«ውጤቱ ተሰጥቷችኋል እኮ፣ እህቴ» አለችኝ።

«ውጤቱን አይደለም። ከእሳቸው ያሳደጋችሁት ባክቴሪያ አለ ወይ ብዬ ነው።»

«ያሳደግንበትን ሳህን ውጤቱ እንደወጣ ወዲያው ነው የምናቃጥለው። ማስቀመጫ ማቀዝቀዣ የለንም።» መዝገቡን ስትዘጋ ሰማኋት። «ዳኑ?»

«አርፈዋል።»

«አላህ ይዘንላቸው» አለችና እኔ እስክዘጋ ጠበቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረኝ፤ አልገባሁም። ማታ ወንድሜ ደውሎ፣ «ከላቦራቶሪው ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «አቃጥለውታል።»