ጥቁሯን ሴት ፈልጊልኝ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2009 ሰመር ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ ግን ግራ ይገባኛል። ለሰው ሳወራው ሁሉም የሚያስቀው ላይ ይስቅና ይተወዋል። እኔን የሚያብሰለስለኝ የቀረው ነው።

ያኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ፣ የምሠራው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ ነበር። ሚስ ኤለን የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት እንከባከባለሁ። አፋቸው አይቻልም። ሾርባው ቀዝቅዟል ብለው ሁለቴ ያስሞቁኛል፣ ከዚያ ደግሞ አቃጠልሽኝ ይሉኛል። ዓይናቸው መሀል መሀሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የቀረላቸው።

የዚያን ሰመር ልጃቸው ሮበርት ቤቱን ሸጦ እናቱን በርክ የሚባል ሰፈር ወዳለው የራሱ ቤት ሊወስዳቸው ወሰነ። ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ ማለቴ ነው፣ በዕቃ ጢም ብሎ ነበር። ከዕቃው አንዱ የሚስ ኤለን እናት የእንጨት ሣጥን ነው። እናትየው በወጣትነታቸው ካሜራ ገዝተው የቤተሰባቸውን ፎቶ ያነሱ ነበር። ፎቶው ደግሞ እኛ እንደምናውቀው ዓይነት በፊልም ሳይሆን በመስታወት ላይ ነበር የሚነሳው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት እነዚያ መስታወቶች ናቸው።

"እማዬ ባለሙያ አልነበረችም" ይሉኛል ሚስ ኤለን። "ግን እኛን ቁጭ በሉ፣ አትንቀሳቀሱ ስትል ነው ዕድሜዋ ያለቀው። እዚያው ቤዝመንት፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ፎቶዎቹን ራሷ ታጥባቸው ነበር።"

አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዕቃውን በሚወስድበት ቀን ጠዋት፣ ማክሰኞ ነው፣ ሚስ ኤለን ጠሩኝ። "ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ አንድ ብቻ አስቀሪልኝ። ያሳደገችኝ ሐና የምትባል ሴት ነበረች። የኋላ በር ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ታቅፋ እማዬ አንስታታለች። ከዚያ ሌላ ፎቶ የላትም። ጥቁሯን ሴት ፈልጊልኝ" አሉና እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። እኚህ ሴትዮ እጄን ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው።

ምን ይከብዳል ብዬ ወረድኩ። ከነጮች መሀል አንዲት ጥቁር መፈለግ አይደል እንዴ!

እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሏል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ግን የድሮ ቅጥልጥል የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ አንዲት ቃል አልገባኝም። አንዱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ጥቁር ሰውዬ። ሌላውን አወጣሁ። ጥቁር ሴትዮ፣ ፀጉሯ ነጭ። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ጥቁሮች። በስመአብ! ቤተሰቡ በሙሉ ጥቁር ነው።

ግራ ቢገባኝ ለአክስቴ ልጅ ለጽጌ ኮል አደረግኩላት።

"ጽጌ፣ ሚስ ኤለን ጥቁር ሳይሆኑ አይቀሩም።"

"እኚያ እንደ ወተት የነጡት? አመመሽ እንዴ?"

"እናታቸውም አባታቸውም። ፎቷቸውን ይዤ እኮ ነው የምነግርሽ!"

"ደብቀውት ይሆናላ" አለች። "እዚህ አገር ስንቱ ዘሩን ደብቆ ኖሯል። አንቺ ብቻ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ያባርሩሻል።"

ስልኩን ዘግቼ ቀጠልኩ። ደረጃ ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ያለችባቸው ሁለት መስታወቶች አገኘሁ። በአንደኛው ሴትዮዋም ሕፃኗም ጥቁር ናቸው። በሌላው ሕፃኗ ጥቁር፣ ሴትዮዋ ግን ነጭ፣ ወረቀት የመሰለች። ጥቁሯን ለየሁ፣ ነጯን ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ወዲያው ነጋዴው መጥቶ ሣጥኑን ጭኖት ሄደ።

ሚስ ኤለን መስታወቷን ሲቀበሉኝ አለቀሱ። በጣታቸው ዳበሷት፣ ሳሟት፣ ከጭናቸው አላወርድ አሉ። እኔም አንድ ቁም ነገር ሠራሁ ብዬ ኩራት ኩራት አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሮበርት መጣ። እናቱ ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። መስታወቷን አነሳና ተጠቅልላበት የነበረው ወረቀት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ።

"ይቺ እኮ አክስት ማርጋሬት ናት። እማዬ በሕይወቷ እንደሷ የጠላችው ሰው የለም።"

"ጥቁሯ?" አልኩት።

"የምን ጥቁር? ኔጌቲቭ እኮ ነው!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አዲስ አበባ ጉርድ ፎቶ በተነሳሁ ቁጥር ኔጌቲቩን በፖስታ አድርገው ይሰጡኝ አልነበር? ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ ማን ያጣዋል? መስታወት ሲሆን ምን ዓይኔን ጋረደኝ? ሐናን በገዛ እጄ ሸኝቻታለሁ።

ሮበርት ትከሻውን ሰበቀ። "ተያት፣ አትንገሪያት። እንደሆን አይታያትም። ደስ ብሏታል፣ በቃ።"

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ኦፍ ስለነበርኩ ልጄን ጽጌ ጋ ትቼ አሌክሳንድሪያ ወደ ነጋዴው ሱቅ ነዳሁ። ተሸጣ ቢሆንስ፣ ተሰብራ ቢሆንስ እያልኩ ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን መውጫ ሁለቴ አለፍኩት።

"የአንዲት ጥቁር ሴት ፎቶ ፈልጌ ነበር" አልኩት ሰውዬውን። "ማለቴ ነጭ ናት። ማለቴ፣ ነጭ የሆነችው ናት ጥቁሯ።" ለራሴም ጠፋብኝ።

ሰውዬው አልሳቀብኝም። ሣጥኑን አምጥቶ ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ደረደረልኝ። አገኘኋት! ጉዳዩን ስነግረው "ይዘሻት ሂጂ፣ የእናንተው ናት" አለኝ። በኮምፒውተር ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ገልብጦም ወረቀት ላይ ፕሪንት አደረገልኝ። ሐናን ያኔ ገና አየኋት። ጠይም ናት፣ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገች፣ ገና ልጅ እግር።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ዝም ብዬ ልቀይራትና ልገላገል? አላስቻለኝም፣ ነገርኳቸው። ሚስ ኤለን መስታወቷን ከጭናቸው አነሱ።

"ስድስት ቀን ሙሉ ማርጋሬትን ስስም ነው የከረምኩት?" አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ከዚያ የሐናን ፎቶ ተቀብለው በዓይናቸው ዳር ሊያይዋት ታገሉ። ራሳቸውን ወዲህ አዘነበሉ፣ ወዲያ አዘነበሉ። አልሆነም።

"አንቺ እይልኝ" ብለው መለሱልኝ። "ማንን ነው የምታየው? እኔን ነው ወይስ እማዬን?"

አየሁ። ሐና ሕፃኗንም ካሜራውንም አታይም። ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ ከፎቶው ውጪ ያለ የሆነ ነገር ላይ ዓይኗን ተክላለች።

"እርስዎን ነው የምታየው" አልኳቸው።

"አውቀው ነበር" አሉ።

በርክ ከገቡ በኋላ ዓመት አልቆዩም፣ ዐረፉ። በመዋሸቴ አልጸጸትም። ዛሬም ቢጠይቁኝ እዋሻለሁ። የሚከነክነኝ የሐና ነገር ነው። ወዴት ነበር የምታየው? እኔ ሚስ ኤለንን ሳጎርስ ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር፣ ልጄን ከጽጌ ቤት የማነሳበት ሰዓት እንዳያልፍብኝ። ሐናም ልጅ ኖራት፣ አጥሩ ጋ ቆማ እየጠበቀቻት ከነበረስ? ያቺን ልጅስ ማን ፎቶ አነሳት?