ጋሽ ታምራት ቀይዋን መኪና ለምን አልለወጡም?

ጋሽ ታምራት በዚህ ወር የመጀመሪያው ረቡዕ ማለዳ ስኮትዴል በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ያረፉት በአልጋቸው ላይ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ እጃቸውን ይዘው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በለቅሶው ሰሞን «ያቺ መኪና ናት የጨረሰቻቸው» ሲባል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። «ሚስቲቱ በሽተኛ ባሏን አስተኝታ ማስታመም ሲገባት በክፍት መኪና ስታንከራትተው ከረመች» ያሉም አሉ። ሁለቱም ሐሰት ነው። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ ስለዚህ የነበረውን እንደነበረ እጽፋለሁ።

የመኪናዋ ነገር በተቆረጠበት ቅዳሜ በጋሽ ታምራት ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ ራሳቸው ጋሽ ታምራት። ወይዘሮ ሙሉነሽ። ከዚያ ለሽምግልና የመጡት ሦስት ሰዎች፦ የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ዳዊት፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው የረጅም ዘመን ወዳጃቸው አቶ ለገሰ፣ እንዲሁም ከነርስነት ጡረታ የወጡት እትዬ የሺ። ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጠው ዮናታን። የመጨረሻው እኔ ናሆም ነኝ፤ መኪና መጠገን በራሴ የተማርኩ፣ የጋሽ ታምራትን መኪና የምጠግን። ሌላ ሰው አልነበረም። «እኔም ነበርኩ» የሚል ካለ፣ አልነበረም።

ጋሽ ታምራት በሥራቸው ሾፌር ነበሩ። ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ ቫን ለብዙ ዓመታት ነድተዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ሲያስሩ አይቻቸዋለሁ። ማሰሪያውን አጥብቀው ሲያበቁ ሁለት ጣታቸውን በማሰሪያውና በሕመምተኛው ደረት መካከል ያስገባሉ። ጣታቸው ካልገባ እንደገና ያላላሉ። «የታሰረ ሰው ዕቃ አይደለም» ይሉ ነበር። ሰውን በሩ ላይ ካደረሱ በኋላ ደግሞ ገብቶ መብራት እስኪያበራ ድረስ አይንቀሳቀሱም።

የራሳቸው መኪና ሌላ ነበረች። ያገለገለች የጃፓን ስፖርት መኪና ናት፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ሸራ የሆነ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ጢሙ የሸበተ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አቶ ለገሰ ባገኟቸው ቁጥር፣ «ታምሬ፣ ይቺን ነገር ትነዳታለህ ወይስ ትለብሳታለህ?» ይሏቸዋል። ጋሽ ታምራትም፣ «አንተማ በልክህ አይገኝም» ብለው ይመልሳሉ።

ትርፍ መቀመጫ የሌለውን መኪና ለምን እንደመረጡ አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። «ሁለት መቀመጫ ማለት ሦስተኛ ጆሮ የለም ማለት ነው» አሉኝ። እውነት ነው። ከሥራ የተባረረም፣ ከባሏ የተጣላችም፣ በቀኙ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ያልተናገረ የለም። እናቷ አገር ቤት የሞተችባት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን ስላልፈቀደችልኝ አልጽፍም። ከሌሎች ጋር በምትኖርበት አፓርታማ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ አልቻለችም። ጋሽ ታምራት ወደ ስቶን ማውንቴን በሚወስደው ሰፊ መንገድ ይዘዋት ወጡ፤ ሸራውን ከፈቱና፣ «በይ አሁን የሚሰማሽ የለም። እኔም የማየው መንገዱን ነው» አሏት። እሷም ጮኻ አለቀሰች። ሲመለሱ ውሃ ገዝተው ሰጧት፤ ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አላነሡባትም።

ከዚያ በሽታው መጣ። ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያዝል የነርቭ በሽታ ነው፤ ከግራ እግራቸው ጀመረ። የቀይዋ ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በግራ እግር ነው። አንዳንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ እግራቸው እምቢ እያለ ሞተሩ ይጠፋባቸው ጀመር። ወይዘሮ ሙሉነሽ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አኮረፉ። ሁሉም አልሆነም። በመጨረሻ በገዛ ባላቸው ላይ ሽማግሌ ላኩ። በእኛ አገር ሰው ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ ነው፤ መኪና ለማስጣል ሲላክ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ታምራት ግን ነገሩ ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ዮናታንን ጠርተዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግቢ ሲገቡ ሁለት ስፖርት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው አገኙ። አንዷ ቀይዋ ናት። ሌላዋ ዮናታን ያመጣት ብርማ ቀለም ያላት የጀርመን መኪና፤ እሷም ያገለገለች፣ እሷም ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ግን አውቶማቲክ።

ቀሲስ ዳዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አቶ ታምራት፣ የመጣነው…» ብለው ሲጀምሩ፣

«ዐውቃለሁ አባ። እኔም ሽማግሌ እየፈለግኩ ነበር፤ እግዚአብሔር አመጣልኝ» አሉ ጋሽ ታምራት። «ቀይዋን በብርማዋ ልለውጥ ወይስ አልለውጥ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፍረዱኝ።»

«ከአንዱ እብደት ወደ ሌላው እብደት ለመሸጋገር ነው እኛ የምንፈርደው?» አሉ አቶ ለገሰ።

«ሽማግሌ የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል እንዴ?» አሉ ጋሽ ታምራት። «ሁለቱም መኪናዎች ውስጥ ግቡና አድምጡ!»

ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ «አባ፣ እንዳይሸውድዎት!» ብለው ነበር። ግን ቀሲስ ዳዊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። በቀይዋ እኔ እየነዳሁ፣ በብርማዋ ጋሽ ታምራት እየነዱ፣ ሦስቱም ሽማግሌዎች በየተራቸው ሰፈሩን ዞሩ። ቀሲስ ሲወርዱ ጢማቸውን እያስተካከሉ፣ «ለወጣት አይመከርም» ብቻ አሉ። አቶ ለገሰን ከብርማዋ ለማውጣት ዮናታንና እኔ ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ይዘን መሳብ ነበረብን። ጋሽ ታምራት፣ «ቀስ! ዕቃው የሚሰበር ነው» እያሉ ይሥቁ ነበር።

መኪናዎቹን እንድመረምር ተጠይቄ ስለነበር ያየሁትን በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ብርማዋ ትበልጣለች። ከሥሯ ዝገት የለም፤ ጎማዎቿ እኩል ነው ያለቁት፤ ምንጣፏ ሥር ውሃ ገብቶ አያውቅም። የቀይዋ ሸራ ተጥፏል፤ የበሯ ቀለም የፋብሪካ አይደለም፣ እኔው ነኝ የቀባሁት፤ ሁለተኛ ማርሿ ሞተሩ እስኪሞቅ ይንቋቋል።

«ሰማህ ጋሼ?» አለ ዮናታን። «ራሱ ሜካኒኩ! ጀስት ትሬድ አድርጋት፣ ለውጣት፣ አለቀ። ፍሪሲዮን የለ፣ ምን የለ። ቀኝ እግር ብቻ ነው የምትፈልገው።»

እዚህ ላይ እትዬ የሺ፣ «ታምራት» አሉ። «አሁን ስትወስደኝ ፍሬኑን የረገጥከው ጉልበትህን በእጅህ ደግፈህ ነው። ቀኝ እግርህንስ ሐኪሞቹ ምን አሉህ?»

ጋሽ ታምራት ወደ መሬት አዩ። «እሱም ብዙ አይቆይም ብለውኛል።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ይህን የሰሙት የዚያን ጊዜ ነው። «ለእኔ ሳትነግረኝ?» አሉ።

«ብነግርሽ ሽማግሌ ሳይሆን አምቡላንስ ነበር የምትልኪብኝ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ እያለቀሱ ሣቁ፤ ከዚያ ሣቁን ተዉትና ማልቀሱ ብቻ ቀረ። አቶ ለገሰ ሊያጽናኑ ብለው፣ «በቃ ታምሬ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። እረፍ እንግዲህ» አሉ።

ጋሽ ታምራት ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ማረፍ? ለማረፍማ ወረፋ ይዣለሁ። ሳይደርሰኝ ምን አስቸኮለኝ?»

ዮናታን ሸምጋይ ሆነ። «እሺ ጋሼ፣ እትዬ ሙሉ ትንዳልህ። አውቶማቲክ ናት፣ ኢዚ ነው። ዛሬውኑ ይዛህ ትወጣለች።»

እውነቱን ለመናገር ትክክለኛው ሐሳብ ይህ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ሙሉነሽ በየቀኑ አውቶማቲክ መኪና ነድተው ሥራ ይሄዳሉ፤ ማርሽ ነክተው ግን አያውቁም። ብርማዋን ያለ ምንም ችግር ሊነዷት ይችላሉ። ጋሽ ታምራት ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለቱንም መኪናዎች ዞሩ። የብርማዋን ኮፈን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ወደዋት እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። ከዚያ ቀይዋ በር ላይ ተደግፈው ለሁላችንም እንዲህ አሉ፦

«ብርማዋን ሙሉ ዛሬውኑ ትነዳታለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው? ዕቃ ልሆን ነው። ቀይዋን ግን ያለ እኔ አትነዳትም፤ እኔም ያለ እሷ አልነዳትም።» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ይኼ የሚሆነው አንቺ ከፈቀድሽ ነው። ካልፈቀድሽ ዮናታን ሁለቱንም ይዞ ይሂድ፤ ሁለተኛ አላነሣብሽም።»

ሁላችንም ወይዘሮ ሙሉነሽን አየን። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በሩን ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱና፣ «እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ይደርሳል?» አሉ።

«ወንበሩ ይሳባል» አልኳቸው። በዚያ ቀን ከመኪና ምርመራው ሌላ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ፍርዱ ተሰጠ» አሉ ቀሲስ ዳዊት፤ «እኛ ሳንሰጠው።» ዮናታን ራሱን እየነቀነቀ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ኖርማል አይደለም» ብሎ ብርማዋን ይዞ ሄደ።

ስለዚህ የምታሙ ሆይ፣ ስሙ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ባላቸውን ያንከራተቱ ሴት አይደሉም። ከሥራ ደክመው ሲመጡ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ ማርሽ የተማሩ ሴት ናቸው። እዚያም አብሬ ነበርኩ። መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ መሪውን በጥፊ ይመታሉ። ጋሽ ታምራት በቀኙ መቀመጫ ሆነው፣ «እግርሽን ተዪው፣ በጆሮሽ ንጂ። ስትጮህ ልቀቂያት» ይላሉ። «የምጮኸውስ እኔ ነኝ!» ይላሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

ሐሜቱ የተነሣው መሃል ከተማ፣ ሚድታውን ላይ ይመስለኛል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ዳገት ላይ ያለ የትራፊክ መብራት አረንጓዴ በርቶ ሳለ ሞተሩ ጠፋባቸው። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ በራሴ መኪና ተከትያቸው ስለነበር በተከፈተው ሸራ ሁሉን ሰምቻለሁ። ጋሽ ታምራት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይንፉ! ጥሩምባ ሰው አይገድልም። ፍሪሲዮኑን ርገጪ፣ አስነሺ» አሉ። አስነሥተው ሄዱ። ከተሰለፉት መካከል አንዱ ከእኛው ሰው ነበር፤ ወሬውን ያደረሰው እሱ ነው። ዳገቱን መውጣታቸውን ግን አልነገራችሁም።

ከዚያ በኋላ የጋሽ ታምራት ቀኝ እግር ሄደ፤ ቀጥሎ እጃቸው። በክንዳችን ደግፈን እናስገባቸው ጀመር። በእጃቸው ማሳየት ሲያቅታቸው፣ ማርሽ የመቀየሪያው ጊዜ ሲደርስ «አሁን» ብቻ ይላሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወይዘሮ ሙሉነሽ እሳቸው ሳይናገሩ ይቀይሩ ነበር። ጋሽ ታምራት፣ «ቀደምሽኝ እኮ!» ብለው ይቆጣሉ፤ ቁጣው ከሙገሳ የሚጥም ነበር። ነፋሱ ጎድቷቸው እንደሆነ እትዬ የሺን ጠይቁ፤ ነርስ ናቸው፣ በየሳምንቱ እየመጡ ያዩዋቸው ነበር። አልጎዳቸውም። በአልጋ ላይ ብቻ በተኙባቸው ቀናት አይበሉም ነበር፤ ወጥተው ሲመለሱ ይበሉ ነበር።

የማስታውሰው ይህን ነው። ያልሰማሁት ደግሞ አለ። ቀሲስ ዳዊት፣ በብርማዋ ስትዞሩ ጋሽ ታምራት ምን እንዳሉዎት የሚነገር ከሆነ ይንገሩን። አቶ ለገሰ፣ ከመኪናዋ ካወጣንዎ በኋላ ለብቻዎ ወደ ጓሮ ሄደው ቆይተዋል፤ ምን ሆነው እንደነበር ቢፈቅዱ ይጻፉልን። ዮናታን፣ ስትሰናበታቸው በጆሮህ የነገሩህን አንተ ታውቃለህ። እትዬ የሺም የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። የነበራችሁ ጨምሩበት። ያልነበራችሁ ግን ዝም በሉ።

ጋሽ ታምራት፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። ቀይዋ አልተለወጠችም። ትናንት ወይዘሮ ሙሉነሽ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ወጥተው አስነሷት። ቀኙን መቀመጫ ባዶ ይዘው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «ና ግባ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እርስዎ እያወሩኝ አለቀሱ፤ ማርሽ ግን አልሳቱም። ስንመለስ ሞተሩን አጠፉና፣ «በል እነዚያን የሚያሙኝን ጥራልኝ፤ ልውሰዳቸው» አሉ። እጠራቸዋለሁ ጋሽዬ። መቀመጫው አንድ ነው፤ በተራ ይገባሉ።