የንብ መጽሐፍ ቦታው የት ነው?

ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሙያን በዲግሪ ተምረው ለሚመጡት ልጆች የእኔን አማማር ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ሰቆጣ ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር ሥራውን የተማርኩት እዚያው መደርደሪያ ሥር ነው። ከጽጽቃና ከኒሯቅ ከመጡ ሁለት ሠራተኞች ጋር ክረምቱን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። መምህራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያሳደጋቸው አዛውንት ነበሩ። የመጻሕፍቱን መለያ ቁጥር እንደ ቃል ትምህርት በዜማ ያስጠኑን ነበር። «ሁለት መቶ ሃይማኖት፣ አምስት መቶ ሳይንስ» እያልን ስንጮህ አንባቢው ሁሉ ይስቅብናል።

አንድ ቀን የንብ እርባታ መጽሐፍ ከነፍሳት መጻሕፍት ጋር ደርድሬ ተገኘሁ።

«ቁሚ!» አሉኝ። «ንቧስ ማር ትሰጥሻለች፤ ዝንብ ምን ትሰጥሻለች? ነይ፣ ወደ እርሻው መደርደሪያ መልሻት!»

በገዛ እጄ ቦታው እስካስገባው ድረስ ትምህርቱ ቆሞ ጠበቀኝ። ያኔ በሆዴ ረገምኳቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያ ቁጣቸው ዛሬ ይናፍቀኛል።

አምና የብቃት ምዘና ያላለፈ ሠራተኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይሠራም፣ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል ተባለ። ዕድሜዬን ከመጽሐፍ ጋር ኖሬ በስተርጅና መጥረጊያና ወንበር ልቆጥር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለምዘናው የሚያዘጋጀን ትምህርት በስልክ የሚታይ ቪዲዮ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ደስ ሲለው። አስተማሪው ሸጋ ወጣት ነው፤ አነጋገሩም ማር። ግን ብጠይቀው አይሰማኝ፣ ብሳሳት አይቆጣኝ። አዲሱን ትምህርት አልንቅም፤ እኔ ግማሽ ቀን ስፈልገው የምውለውን መጽሐፍ ልጆቹ በአንድ ጠቅታ ያገኙታል። ቢሆንም ከስልክ ጋር ብቻዬን ማጥናት ሆዴን ባር ባር አሰኘኝ።

የፈተናው ዕለት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ጥያቄዎቹን ጨረስኩ። ወዲያው «አልፈዋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። እዚያው እልልታዬን አቀለጥኩት። ከሥሩ ግን የተወሰኑ ጥያቄዎችን እንደሳትኩ ይናገራል።

«የኔ ልጅ፣ የትኞቹን ነው የሳትኩት?» አልኩት ፈታኙን ወጣት።

«አያሳይም፣ እትዬ። ደግሞስ ካለፉ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራ።

ይኸው ሥራዬ ላይ አለሁ፤ ተመስገን። የሳትኩትን ግን የነገረኝ የለም፤ ምናልባት በየቀኑ እየደጋገምኩት ይሆናል።