ስንዱ ከጥጃዋ ጋጣ ገብታ ያጠናቻቸው ቃላት

ያን ቀን ደባርቅ ቤታችን ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ የነፍስ አባታችን፣ የአክስቴ ልጅ ስንዱና እኔ ነበርን። እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ስንዱ ከጃናሞራ መጥታ እኛ ዘንድ ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር። ጉሙ ከቀትር ጀምሮ ወርዶ የጎረቤታችንን ቤት ውጦታል፤ በበሩ የሚገባው የእርጥብ በግና የእበት ሽታ ብቻ ነበር።

ስንዱ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን በደብተር ትሰበስብ ነበር፤ የንግግር ማሳመሪያዎችን ስም፣ የክርክር ስሕተቶችንም። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የምታጠናው ከጥጃዋ ጋጣ ገብታ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ እየተወዛወዘች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። «ሃይፐርቦሊ… አድ ሆሚነም…» ስትል በግድግዳው ስንጥቅ አይቻታለሁ። ጥጃዋ ሣሩን ትታ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አፍ አፏን ታያት ነበር። ባየኋት በሦስተኛው ቀን ጥጃዋ ሞተች።

ስንዱ ጋጣ ውስጥ ምን ትሠራ እንደነበር እናቴ ስትጠይቀኝ «ጥጃዋ ላይ ስትደግምባት ነበር» አልሁ።

ያን ቀን እናቴ ለነገሩ ያስጠራቻቸው የነፍስ አባታችን ግን አልተቆጡም። «እስቲ ደብተሩን አንብቢው ልጄ፤ በማላውቀው አልፈርድም» አሏት።

«ፖስት ሆክ» ብላ አነበበች።

«ፍቺውስ?»

«አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ ፊተኛው ነው ያመጣው ማለት ስሕተት ነው፣ አባ።»

አባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይኸ ደብተር እኛን እኮ ነው የሚሰድበን!»

እናቴ አልሳቀችም። «መቼ ነው የጻፍሽው?»

«ባለፈው ወር፣ እታለም።»

«ጥጃዋ ሳትሞት? እኛ ለነገር ሳንቀመጥ?» እናቴ አማተበች። ከጉሙ ውስጥ የጥጃዋ እናት ጮኸች፤ ከደብተሩ ላይ ዓይኑን ያነሣ ግን አልነበረም።

አባ እንዳትባረር ቢለምኑም፣ ስንዱ ብታለቅስም፣ አባቴ ከእናቴ ፍርሃት ጋር ሊከራከር አልደፈረም። በማግስቱ ጧት ስንዱ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ጃናሞራ ተመለሰች። ከአጥራችን ሳትርቅ ጉሙ ሸፈናት። ድምጿ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ እያጠናች ነበር።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍሁም። ዛሬ ልጄ እነዚያኑ ቃላት ከስልኳ እየሰማች ጮክ ብላ ታጠናለች፤ ትደግማለች ብሎ ጠበል የሚረጫት የለም። ደስ ይለኛል። ቢሆንም ማጥናት ስትጀምር ጥጆቹን ወደ ማዶው በረት አዛውራለሁ፤ እያፈርሁም ቢሆን አዛውራለሁ።

በጃናሞራ በኩል ያላችሁ፣ ስንዱ የምትባል፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ካወቃችሁ፣ ደኅና መሆኗንና ትምህርቷን ጨርሳ እንደሆነ ንገሩኝ።